የአንድ ዓመት ልምምድ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና ባለሙያ ማሠልጠን እንዴት ጀመሩ

በአሜሪካ በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ዶክትሬቱን የሚማር ሰው ትምህርቱን ቢጨርስ፣ ፈተናውን ቢያልፍ፣ የመመረቂያ ጥናቱንም ቢያስረክብ፣ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምምድ እስካላጠናቀቀ ድረስ ዲግሪው አይሰጠውም። ኢንተርንሺፕ የሚባለው ይህ ዓመት በአብዛኛው 2,000 ሰዓት ያህል ሥራ ይወስዳል። ቦታው ሆስፒታል፣ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ተቋም፣ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ወይም ማረሚያ ቤት ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ማዕከልም ከእነዚህ አንዱ ነው። በማዕከሉ ተለማማጁ በየቀኑ ለየብቻ የሚመጡ ተማሪዎችን ያነጋግራል፣ የቡድን ውይይት ይመራል፣ ተራው ሲደርስ ሳይቀጠር በጭንቀት የመጣውን ይቀበላል። በሳምንት ቢያንስ አራት ሰዓት ደግሞ የሠራውን በሱፐርቫይዘር ያስገመግማል፤ ከአራቱ ሰዓት ሁለቱ ተለማማጁና ሱፐርቫይዘሩ ለብቻቸው የሚቀመጡባቸው መሆን አለባቸው።

ዛሬ ተጣምረው የሚታዩት ልምምዱና ማዕከሉ ግን በአንድ ቤት አልተወለዱም። የልምምዱ አባት ሆስፒታል ነው፤ ማዕከሉ የመጣው ከተማሪዎች ዲን ቢሮና ከሥራ መረጣ ምክር ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲሆን፣ ግንኙነቱን እውነተኛ ሥልጠና ያደረገው ደግሞ የድምፅ መቅጃ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሥር እስከ 1896 ይመለሳል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት አንዲት መምህርት ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ያቃተውን ተማሪዋን በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምረው ለላይትነር ዊትመር ወሰደችለት። ዊትመር ልጁን ሲመረምረው ችግሩ በከፊል የዓይን ሆኖ አገኘው፤ መነጽር ታዘዘለት፤ ልዩ ትምህርትም ተሰጠው። ሳይኮሎጂ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የአንድን ሰው ችግር ለመፍታት የዋለበት ክሊኒክ በዚህ ተጀመረ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ሄንሪ ጎዳርድ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በቫይንላንድ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተለማማጆችን መቀበል ጀመረ፤ በታሪክ መጻሕፍት የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ ኢንተርንሺፕ ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ጅማሬው ግን የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ጎዳርድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በፈተና እየለየ ዘር እንዳይተኩ መከልከል አለባቸው ይል የነበረ ሰው ነው፤ ተለማማጆቹም የተማሩት በዋናነት ይህንኑ ፈተና መስጠትን ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታትም የተለማማጁ ሥራ ብዙ አልተለወጠም። በማሳቹሴትስ የዎርስተር ግዛት ሆስፒታል ዴቪድ ሻኮው ከ1928 ጀምሮ ሳይኮሎጂስቶችን በጥብቅ ሥርዓት ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ያም ሆኖ ሳይኮሎጂስቱ ይለካል፣ ውጤቱን ይጽፋል፣ ለሐኪሙ ያቀርባል። ከታካሚው ጋር ቁጭ ብሎ ማከም የሐኪሙ ድርሻ ነበር።

ሁለተኛው ሥር ያደገው በግቢ ውስጥ ነው። በ1910 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ከፈተ፤ ለተማሪ ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው አገልግሎት እንደሆነ ይነገርለታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ፍራንክ ፓርሰንስ በቦስተን ለወጣቶች የሥራ መረጣ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አቋቁሞ ነበር። ፓርሰንስ በዚያው በ1908 ሞተ፤ ሐሳቡን ያሰፈረበት መጽሐፍ የታተመው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወጣቱ ራሱን ይወቅ፣ ሥራዎቹን ይወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን ያገናኝ።

ይህን ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተቋም ያደረገችው ሚኒሶታ ናት። የኢኮኖሚው ድቀት በከፋበት በ1932 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የፈተና ቢሮ ከፍቶ ኢ. ጂ. ዊሊያምሰንን ሾመበት። ምሩቅ ሥራ በሚያጣበት ዘመን ተማሪውን ወደሚያዋጣው ትምህርት መምራት የጊዜው ጥያቄ ነበር። አማካሪው የተማሪውን ነጥብ፣ የፈተና ውጤት፣ የቤተሰብ ሁኔታና የጤና ታሪክ ይሰበስባል፤ ያመዛዝናል፤ ከዚያም የሚሻለውን ይነግረዋል። ዊሊያምሰን በ1939 ባሳተመው የተማሪዎች ምክር መጽሐፍ ይህን አሠራር ደረጃ በደረጃ አስቀምጦታል። እንዲህ ባለው ቢሮ የሚሠለጥን ሰው ማወቅ ያለበት ፈተናውንና ትርጓሜውን ነው፤ አነጋገሩን የሚመረምርለት አልነበረም፤ ንግግር ራሱን የቻለ ሙያ ነው ተብሎም ገና አልታሰበም።

ይህን የለወጠው ካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ በ1927 እና 1928 በኒው ዮርክ የሕፃናት ምክር ተቋም ራሱም ተለማማጅ ነበር፤ ከዚያ በሮቸስተር ከተማ ከሕፃናትና ከወላጆች ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ በ1940 ወደ ኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እዚያም ተማሪዎቹ እውነተኛ ባለጉዳይ እያነጋገሩ፣ እርሱ እየገመገማቸው የሚማሩበትን ክፍል ከፈተ። የአንድ ሰው ትዝታ ለግምገማ አይበቃም ብሎ ስላመነ፣ በርናርድ ኮቭነር ከተባለው ተማሪው ጋር ሆኖ ንግግሩን በሸክላ ማስቀዳት ጀመረ። ሥራው አድካሚ ነበር። የሸክላው አንድ ፊት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለት መቅጃ እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ በሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰው መርፌው እየፋቀ የሚያወጣውን ቅርፍት እየጠረገ ሸክላ ይቀያይራል። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ሳያቋርጡ ያወራሉ።

ከሸክላው የተሰማው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። አማካሪዎች ከንግግሩ በኋላ ከትዝታቸው የሚጽፉት ማስታወሻ ብዙ ነገር እንደሚያስቀር ታየ። ቅጂዎቹ ሲነጻጸሩ ደግሞ የሚመራና የሚያዝ አማካሪ ከማይመራው ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ቃል እንደሚናገር ተቆጠረ። ባለጉዳዩን አዳምጬዋለሁ የሚል ተለማማጅ ራሱ ሲያወራ የዋለበትን ሰዓት መልሶ እንዲሰማ ተገደደ ማለት ነው። ሮጀርስ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ሄርበርት ብራያን በሚል የተለወጠ ስም የሚጠራውን ሰው ስምንት ንግግሮች ቃል በቃል አወጣ፤ አንድ ሙሉ የንግግር ሕክምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ1945 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የምክር አገልግሎት ማዕከል አቋቋመ፤ እስከ 1957ም መራው። በዚያ ማዕከል ማገልገል፣ ማሠልጠንና መመራመር አንድ ሥራ ሆኑ፤ ተማሪውም መምህሩም ቅጂያቸውን ለባልደረባ ያሰሙ ነበር። ብዙዎቹ የኋለኞቹ ማዕከላት፣ የሮጀርስን ትምህርት የማይቀበሉት ሳይቀሩ፣ ይህን ልማድ ወርሰዋል።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ባይመጣለት በሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተወስኖ ይቀር ነበር። ገንዘቡን ያመጣው ጦርነት ነው። በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ የትምህርት ወጪያቸውን መንግሥት እንዲችልላቸው አደረገ፤ 2.2 ሚሊዮን ያህል የሚሆኑት ኮሌጅ ገቡ፤ በ1947 ከአገሪቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የጦር ተመላሾች ነበሩ። ቤተሰብ የመሠረተ፣ ጓደኛውን በጦር ሜዳ ያጣ፣ ሌሊት የማይተኛ የሠላሳ ዓመት ተማሪ ለዲኑ እንግዳ ነበር። የተመላሽ ወታደሮች አስተዳደር ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እየተዋዋለ በየግቢው የምክር ጣቢያ ከፈተ፤ ውሉ ሲያበቃ ብዙዎቹ ጣቢያዎች በዩኒቨርሲቲው በጀት ቀጠሉ። ያው መሥሪያ ቤት በ1946 በሃያ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለ200 ያህል ተማሪዎች እየከፈለ በሆስፒታሎቹ ማሠልጠን ጀመረ።

የልምምዱ ደንብ የተጻፈው በዚህ ግርግር መካከል ነው። በሻኮው የሚመራው ኮሚቴ በ1947 ባቀረበው ሪፖርት የአራት ዓመት ዶክትሬት ሐሳብ ሰንዝሮ ሦስተኛውን ዓመት ለልምምድ ሰጠው። በነሐሴ 1949 በኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ ሰባ ያህል ሰዎች ሁለት ሳምንት ተወያይተው ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም ባለሙያም ሆኖ መሠልጠን አለበት ብለው ወሰኑ። የዩኒቨርሲቲ አማካሪዎቹ ደግሞ በ1951 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው የራሳቸውን የሥልጠና መለኪያ አወጡ፤ ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ የሚለውም መጠሪያ የጸናው በዚያው ሰሞን ነው። ሥራቸው የታመመውን ከማከም ይልቅ ጤነኛው ሰው በሕይወት መሻገሪያ ላይ ሲቸገር መርዳት ነው አሉ። ለዚህ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ የምክር ማዕከሉ የዚህ ዘርፍ ዋና መሠልጠኛ የሆነውም ስለዚህ ነው። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ለልምምድ ቦታዎች ዕውቅና መስጠት የጀመረው በ1956 ሲሆን፣ ቦታዎቹን የሚያሰባስበው ማኅበር በ1968 ተመሠረተ።

በ1960ዎቹ በድምፅ ቅጂው ላይ ቪዲዮ ተጨመረበት። በሚሺጋን ግዛት ዩኒቨርሲቲ ኖርማን ኬጋን ተለማማጁን ከቪዲዮው ፊት አስቀምጦ፣ በፈለገው ቦታ እያስቆመ በዚያ ቅጽበት ምን እንዳሰበና ምን እንደፈራ እንዲናገር ያደርገው ነበር። በኮሎራዶ ግዛት ዩኒቨርሲቲ አለን አይቪና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1968 ማዳመጥን ራሱን ቆራርሰው ማስተማር ጀመሩ፤ ተለማማጁ ጥቂት ደቂቃ ያነጋግራል፣ ራሱን ያያል፣ አንዲት ክህሎት ብቻ ይማራል፣ ተመልሶ ይሞክራል። የዓይን አያያዝና የአቀማመጥ ሁኔታ ሳይቀር በሥርዓተ ትምህርት ገባ። ብልሃቱ ጠቃሚ ቢሆንም ከክህሎት ዝርዝር ጋር የተጣበቀ ተለማማጅ ሰውየውን የመርሳት አደጋ እንዳለበት መታወቅ አለበት።

የሙያው ምሥጢር ጠባቂነት የተፈተነውም በግቢ ነው። በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በተማሪዎች ሆስፒታል የሚታከም አንድ ተማሪ አንዲት ወጣት ሊገድል እንዳሰበ ለሳይኮሎጂስቱ ተናገረ። ሳይኮሎጂስቱ ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊስ ሰውየውን አነጋግሮ ለቀቀው፤ ለወጣቷም ለቤተሰቧም የነገራቸው አልነበረም። በጥቅምት ወር መጨረሻ ወጣቷ፣ ታቲያና ታራሶፍ፣ በዚሁ ተማሪ ተገደለች። ቤተሰቧ ከሰሰ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ የባለሙያው ግዴታ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ተለማማጅ በመጀመሪያው ሳምንቱ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ምሥጢር የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ተማሪ ሲያጋጥመው ለብቻው አይወስንም፤ ሱፐርቫይዘሩን ይጠራል።

ተለማማጅና ቦታ የሚገናኙበት መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ለረጅም ጊዜ ምደባው በፌብሩዋሪ አንድ ሰኞ ቀን በስልክ ያልቅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ማዕከላት ይደውላሉ፤ አመልካቹ አንዱን ይዞ የተሻለውን ይጠብቃል፤ መስመር ከተያዘ ዕድል ያመልጣል። በ1999 ይህ ቀርቶ አመልካቹም ማዕከሉም ምርጫቸውን በቅደም ተከተል አስገብተው ኮምፒውተር የሚያገናኛቸው ሥርዓት መጣ። የሥርዓቱን ስልት ካበጁት አንዱ አልቪን ሮዝ ስለ እንዲህ ያሉ ምደባዎች ባደረገው ጥናት በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። በዚያው ዓመት ከአመልካቾቹ ሩብ ያህሉ ቦታ ሳያገኙ ቀሩ፤ ኮምፒውተር ያለውን ያከፋፍላል እንጂ የሌለ ቦታ አይፈጥርም።

የማዕከላቱን አሠራር ያናወጠ ክስተትም አለ፦ በሚያዝያ 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰዎች ገደለ። ገዳዩ በ2005 ከዩኒቨርሲቲው የምክር ማዕከል ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ የመዝገቡ ወረቀት ጠፍቶ ከግድያው ሁለት ዓመት በኋላ በማዕከሉ የቀድሞ ኃላፊ ቤት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች አደጋ የሚገመግም ቡድን አቋቋሙ፣ ባለሙያ ጨመሩ፣ የመዝገብ አያያዝንም አጠበቁ። ተለማማጁ ከተማሪው ጋር ከተነጋገረ በኋላ ሳይዘገይ ማስታወሻውን መጻፍ፣ ሱፐርቫይዘሩም ማየትና መፈረም አለባቸው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ግቢዎችን ሲዘጋ ምክሩም ግምገማውም ወደ ኮምፒውተር መስኮት ተዛወረ፤ ለሱፐርቪዥን በአካል መገናኘትን የሚያስገድዱ ደንቦችም ላሉ።

ዛሬ ብዙ ማዕከላት ያለ ተለማማጅ ወረፋቸውን መግፋት አይችሉም፤ ተለማማጁ ከነባሩ ባለሙያ ጋር የሚቀራረብ ሥራ እየሠራ ክፍያው በእጅጉ ያነሰ ነው። ቦታ በጠፋበት ጊዜ ይህን መቃወም ከባድ ነበር። ከ2010ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን ነገሩ ተገልብጦ ክፍት ቦታዎች ከአመልካቾች በልጠዋል፤ የተሻለ የሚከፍሉ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎችም ለማዕከላቱ ተፎካካሪ ሆነዋል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ ውጤት ሲወጣ የሚጨነቀው አመልካቹ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ዝቅተኛ ክፍያ የሚያቀርብ ማዕከልም ያለ ተለማማጅ ሊቀር ይችላል።