ወለድ፣ ይዞታና ቤት በቆቦ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ ኑሮዋ የተመሠረተው በዙሪያዋ ባለው የራያ ሜዳ ነው። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት ጎሊናና ሆርማት በክረምት ማሽላውን ሲያጠጡ ገበያዋ ይደምቃል፤ ዝናቡ ሲጓደል ግን፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እንደታየው፣ አስቀድሞ የሚያልቀው ከብት ነው። በመልካም ዓመት የተረፈ ገንዘብ በከብት፣ በከተማ ቤት ወይስ በባንክ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ለቆላው ሰው ቀላል ሆኖ አያውቅም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 አንዱን መንገድ ዘጋ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ተፈቀደ፤ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። በኋላ የቤት ሥራ ማኅበራት በ4.5 በመቶ ወለድ ብድር ያገኙ ነበር። ይህን የመሰለ ርካሽ ገንዘብ ቢኖርም ለኪራይ ቤት የሚሠራ ባለሀብት አልተገኘም፤ በሕግ የተከለከለውን ወለድ ሊያስፈቅደው አይችልምና።

በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ነገሩ ተገለበጠ። ብር ለአንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ሲወርድ፣ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 10 በመቶ ደረሰ፤ የብድሩም ከ11 እስከ 15 በመቶ ሆነ። በተለመደው ስሌት ግንባታ መቀዝቀዝ ነበረበት። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ለከተማ ቦታ አዲስ በር ከፈተ፤ ገንዘብ በተወደደበት ወቅት ይዞታ ተገኘ ማለት ነው። በቆቦ ደግሞ አብዛኛው ቤት የሚሠራው በባንክ ብድር ሳይሆን በእህል፣ በንግድና ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች በሚልኩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የወለዱ መውጣትና መውረድ የሚሰማው በተበዳሪው ውል ሳይሆን በቆጣቢው ደብተር ነበር።

ደብተሩም ከ1985 ዓ.ም. በኋላ እየመነመነ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የዋጋ ንረት ከ40 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 4 በመቶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲልም ንረቱን አልደረሰበትም። ጡብ የመረጠ ሰው ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ጡብን ግን ተሸክሞ መሸሽ አይቻልም። ከተማዋ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስትያዝ፣ ሁሉን በግድግዳ ያኖረ ሰው ተፈናቅሎ የሚበላውን ከግድግዳው ሊያወጣ አልቻለም።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለዱን በ15 በመቶ ሲወስን የዋጋ ንረቱ 20 በመቶ ገደማ ነበር፤ ለቆጣቢው የተጠበቀለት ዝቅተኛ ወለድ ያው 7 በመቶ።