አዋጁን ያልሰማው በተን

የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም፣ እዚያ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ወሬውን የሰማው ከእኛ እኩል ነው። ያልሰማው ፔሮል የሚሠራበት ኤክሴል ላይ የተለጠፈው በተን ነው።

ነገሩ ቀልድ አይምሰላችሁ። በዚያው ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየንና፣ አዲሱ የግብር ሠንጠረዥ በፔሮሉ ገብቷል፤ ሴሎቹም አንድ በአንድ ታይተዋል። «ግብር አስላ» የሚለው በተን ሲጫን ግን የሚወጣው የድሮው ሒሳብ ነበር። 5,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በአዲሱ አዋጅ የሚከፍለው 500 ብር ነው። በተኑ 697.50 ይለዋል። በወር 197.50 ብር ከሠራተኛው ኪስ ያለ ሕግ ይወጣል ማለት ነው። ግብሩን ቀንሶ የማስገባት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ «ኤክሴሉ ነው» የሚል መከላከያ ደግሞ እኔ በተማርኩት ሕግ ውስጥ አልገጠመኝም። ማክሮውን የጻፈው ልጅ እንደሆነ ከተዛወረ ቆይቷል።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። እስከ ኤክሴል 2003 ድረስ ሰው በራሱ የሚሠራው ቱልባር የሚቀመጠው በፔሮሉ ፋይል ውስጥ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ፣ መጨረሻው «ኤክስኤልቢ» በሆነ ሌላ ፋይል ነበር። «አታች» በሚለው ትእዛዝ ቱልባሩን ከፔሮሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ፔሮሉ ሲከፈት ቅጂው ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለበጣል። ሆኖም በዚያው ስም ሌላ ቱልባር ቀድሞ ካለ አዲሱ ቦታ አያገኝም፤ አሮጌው እንደተቀመጠ ይቀራል። እያንዳንዱ በተን ደግሞ ማክሮውን የሚፈልገው በፋይል አድራሻ ነው። ስለዚህ በፍላሽ የመጣውን አዲስ ፔሮል ከፍታችሁ በተኑን ስትጫኑ፣ ኤክሴል የአምናውን ፋይል ከጓዳ ጠርቶ የአምናውን ማክሮ በዘንድሮው ሠንጠረዥ ላይ ሊያስኬድ ይችላል። የአምናው ፋይል ከተሰረዘ ወይም ፎልደሩ ከተቀየረ ማክሮው አልተገኘም የሚል መልእክት ይመጣል። ለእኔ ይኼኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ይናገራል።

ኤክሴል 2007 የድሮውን ሜኑ በሪበን ሲተካ እነዚህ ቱልባሮች አልጠፉም፤ «አድ ኢንስ» በሚለው ትር ሥር ተጠልለዋል። በሪበኑ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቱልባር ላይ የሚለጠፍ የማክሮ በተንም ያው የአድራሻ በሽታ አለበት።

ምርመራው ቀላል ነው። በተኑን ተጫኑና «ቪው» ውስጥ «ስዊች ዊንዶውስ» የሚለውን ተመልከቱ። ያልከፈታችሁት ፋይል ስሙ ተደርድሮ ካገኛችሁ ሌባው ተይዟል። «አድ ኢንስ» ትር ላይ በተኑን በቀኝ ክሊክ ሰርዙት፤ ፋይሎቹን ዝጉና አዲሱን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ። እምቢ ካለ ኤክሴልን ዝጉና ኤክስኤልቢውን ፈልጉ። የሚገኘው ዊንዶውስ በሚደብቀው «አፕዳታ» ፎልደር፣ ማይክሮሶፍት ከዚያም ኤክሴል በሚለው ውስጥ ነው። ስሙን ለውጡት፤ ኤክሴል ሌላ አዲስ ይፈጥራል። መሰረዙን ግን አልመክርም፤ የሌላ ሰው ቱልባር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ 2,000 እና 5,000 አስገብታችሁ ሞክሩ። ዜሮና 500 መውጣት አለበት፤ 157.50 እና 697.50 ከወጣ አሁንም በ2008ቱ አዋጅ ላይ ናችሁ።

በተኑ ጭራሹን የማይሠራ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ወይ ፋይሉ ማክሮ በማይዘው «ኤክስኤልኤስኤክስ» ተቀምጧል፣ ወይ በኢሜይል የመጣ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ ያግዳል፤ ላኪውን የምታምኑት ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ገብቶ «አንብሎክ» ማለት ነው።

ለዘለቄታው፣ ማክሮ የሚጽፍላችሁ ሰው ሜኑው ፋይሉ ሲከፈት እንዲፈጠር፣ ሲዘጋ እንዲጠፋ አድርጎ ይሥራው። ይህን በሥራ ውሉ ላይ አስገቡት እላለሁ፤ የሕግ ሰው ልማድ አለቀቀኝም።

አንድ ነገር ቀረ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አፉን በበርታ ወይም በጉሙዝኛ ለፈታ ሠራተኛ አማርኛው ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ በተኑ በአማርኛ መጻፉ ታዲያ ጌጥ አይደለም። ችግሩ የኤክሴል ማክሮ መጻፊያ መስኮት ፊደላችንን አያውቅም፤ «ግብር አስላ» ብላችሁ ብትጽፉ የሚቀርላችሁ የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። መፍትሔው ጽሑፉን በዩኒኮድ ፊደል አንድ ሴል ላይ ጽፎ፣ ማክሮው የበተኑን ስም ከዚያ ሴል እንዲያነብ ማድረግ ነው። ስሙን መለወጥ ሲያስፈልግም ሴሉን ማረም ይበቃል፤ የተዛወረውን ልጅ መፈለግ አያስፈልግም።