ጎርጎራ፦ ግንቡ ወድቆ ሣሩ የቆመበት ሐይቅ ዳር

ጎንደርን የሚጎበኝ መንገደኛ አንድ ቀን ተርፎት ወደ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ቢወርድ አይቆጭም። ጎርጎራ ላይ ከውሃው ሳይርቁ፣ በዛፍ ጥላ ሥር በእግር መንሸራሸር ማንንም አያደክምም። ሣር ክዳኗ ደብረ ሲና ማርያም፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ሥዕሎች አጊጣ፣ በዛፎቿ መካከል ትታያለች።

ከከተማይቱ ራቅ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በገባው ልሳነ ምድር ላይ፣ የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በጥርብ ድንጋይና በኖራ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፈርሰው ይገኛሉ። ቦታውን ማርያም ግምብ ይሉታል።

ሣሩ ቆሞ ድንጋዩ ለምን ወደቀ? ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነታቸውን በይፋ ቢያሳውቁም አገሩ አልተከተላቸውም። ከብዙ ደም በኋላ፣ በ1632፣ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ግንቡም ባለቤት አጣ።

ሣር ይበሰብሳል፤ ስለዚህም በየጊዜው የሚከድነው ሰው ይፈልጋል። ደብረ ሲናን ለዛሬ ያደረሳት ይኸው ሰው ነው። ድንጋይ ግን ጽኑ ነው ተብሎ ይተዋል። የሱስንዮስ ታሪክ መራራ ቢሆንም የራሳችን ነው፤ የቀረው ግድግዳም ሳይናድ ጠባቂ ይሻል።