መስቀል አደባባይ

መስቀል አደባባይ አዲስ አበባ መሀል የሚገኝ ሰፊ የሕዝብ መሰብሰቢያ ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። የከተማው አስተዳደር ከማዘጋጃ ቤት እስከዚህ ድረስ ባካሄደው የማደስ ሥራ፣ ከሥሩ ተቆፍሮ ወደ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠራለትና በሰኔ 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። በግማሽ ክብ የተደረደሩት ደረጃዎቹ የሯጮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ገና ሳይነጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዙ ይወጡባቸዋል።

አደባባዩ ስሙን ያገኘው መስከረም 16 ደመራ ከሚለኮስበት የመስቀል በዓል ነው። ጫፉ ላይ አደይ አበባ የታሰረበት ደመራ ከተባረከ በኋላ ይለኮሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሕዝቡ ዓይን ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ይጠብቃል፤ አወዳደቁ የመጪው ዘመን ምልክት ተደርጎ ይታያልና። እሳቱ ሲከስም ምእመናን አመዱን እየቆነጠሩ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያደርጋሉ። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ሆነ የረመዳን የጎዳና ኢፍጣር ሕዝቡን የሚሰበስቡት እዚሁ ነው። በእነዚህ ቀናት በዙሪያው ያሉ መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ።