ተላጭ እንጂ ተላጥ ማን አለህ?

የመጀመሪያ ጢሜን የተላጨሁት ተደብቄ ነው። ውኃ በቅጡ ያልነካው ፊት፣ የአባቴ መላጫ ላይ የከረመ የዶለዶመ ምላጭ፣ ከአንገት ወደ አገጭ ሽቅብ። በማግስቱ ከአገጬ ሥር ሽፍ አለብኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሽፍታው ቀላ፣ ማሳከክም ጀመረ። ቅዳሜ ጠጉሬን ልስተካከል ስሄድ የሰፈራችን ጠጉር አስተካካይ፣ ትንሽ ትልቁ ጋሼ የሚለው ሰው፣ አገጬን በአውራ ጣቱ ቀና አድርጎ ወደ መብራቱ አዞረና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ተላጭ እንጂ ተላጥ ማን አለህ?» አለኝ።

ስለ መላጨት ከሰማሁት ሁሉ የዚህን ያህል የጠቀመኝ ምክር የለም። ለካ ስለ አማርኛም ነበር የነገረኝ።

ድንች ይላጣል፣ ሽንኩርት ይላጣል፣ ብርቱካን ይላጣል። ጢም ግን ይላጫል፣ ራስም ይላጫል። ላጠ ማለት ልባሱን ከገላው መለየት ነው፤ የሚወድቀውም ልጣጭ ይባላል። ላጨ ማለት ደግሞ የበቀለውን አንስቶ የበቀለበትን እንዳለ መተው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፣ ጠ እና ጨ። ድምፃቸውም ሥራቸውም ስለሚቀራረብ ከአንድ ሥር የወጡ መንትዮች ናቸው ብሎ የሚገምት ሰው አይፈረድበትም። ግእዙ ግን ለየብቻ ነው የሚያውቃቸው። ላጠ የመጣው ከለሐጸ ነው፤ ቅርፊት ማንሳት፣ መላጥ ማለት ነው። ላጨ የመጣው ከላጸየ ነው፤ ትርጉሙ ዛሬም ያው መላጨት ነው። አንደኛው በሆዱ ሐ ነበረው፣ ሁለተኛው በጅራቱ የ። ሐ ጠፋ፣ የም ጠፋ፤ የ ግን ዝም ብሎ አልሄደም።

ይህን ለማየት ከፊታችን የማይጠፋውን ጢምን እንያዝ። በግእዝ ጽሕም ነው። አማርኛ ሐን ሲጥለው ጺም ሆነ፤ ጸን ወደ ጠ ሲያዞረው ደግሞ ጢም። መንገዱ የተለመደ ነው፤ ጾም ጦም፣ ጸበል ጠበል፣ ጸጉር ጠጉር የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ለሐጸ ላጠ ሲሆንም ከዚህ የተለየ ነገር አልደረሰበትም፤ ሐ ወደቀ፣ ጸ ጠ ሆነ። ላጸየ ላይ ግን ጸ ብቻውን አይደለም፣ የ ተከትሎታል። ጸ ሲባል የምላስ ጫፍ ጥርስ ጋ ነው፤ የ ሲባል የምላስ ጀርባ ወደ ላንቃ ይነሳል። ሁለቱን አከታትሎ የሚል ሰው ሲፈጥን መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ መካከል ላይ ያለው ድምፅ ጨ ነው። ልጃገረድ ማጨትን የሚያመለክተው የግእዙ ሐፀየ አጨ የሆነው በዚህ ነው፤ እጮኛ የምንላትም የዚሁ ሥር ልጅ ናት። ፋጸየ ደግሞ አፏጨ፣ ፉጨት ሆነ። ስለዚህ «ጢሙን ተላጨ» ስንል በሁለት ቃል ውስጥ ሁለት ጥንታዊ ጸዎችን እናነሳለን፤ አንደኛው ብቻውን ሄዶ ጠ ሆኗል፣ ሁለተኛው ከየ ጋር ተጣብቆ ጨ።

የጋሼ ወቀሳ የሚጣፍጠኝ ለዚህ ነው። ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ተለያይተው የኖሩ ሁለት ግሦች አንድ አገጭ ላይ ሲቀላቀሉ ነው ያየው።

ከላጨ ምላጭ ይወጣል። በም የሚጀምር የዕቃ ስም አማርኛ ውስጥ ብዙ አይደለም፤ ያሉት ግን ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚነሱ ናቸው። ከጣደ ምጣድ፣ ከአነጠፈ ምንጣፍ፣ ከላጨ ምላጭ፣ ከላሰ ደግሞ ምላስ። ምላስ ማለት የሚላስበት ማለት ነው! ግእዝ ምላስን ልሳን ነው የሚለው፤ ምላጭን ደግሞ መላጼ። ሁለቱ እዚያ በድምፅም በቅርጽም አይገናኙም። አማርኛ ግን በአንድ ቅርጽ ቀርጾ፣ መጨረሻቸው ላይ በአንድ ፊደል ብቻ እንዲለያዩ አደረጋቸው። እኛ መዝሙረ ዳዊት 51 ብለን በምንቆጥረው፣ ሌሎች 52 በሚሉት መዝሙር፣ የክፉ ሰው ምላስ በተሳለ ምላጭ ይመሰላል። ምሳሌው ከዕብራይስጡ ጀምሮ ያለ ነው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ንጽጽሩ በድምፅም ተገጣጠመ። ይህን ማንም አቅዶ አላደረገውም፤ ቋንቋው ራሱ የሰጠው ስጦታ ነው። «ምላሱ ምላጭ ነው» ስንል ጆሯችን የሚረካው ግማሹ በዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ አዲስ የዕቃ ስም የምናወጣው በም አይደለም፤ መ ከፊት፣ ያ ወይም ከእሱ የተወለደውን ድምፅ ከኋላ አድርገን ነው። መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ መቁረጫ፤ እንዲሁም መላጫ። ስለዚህ ከአንድ ግሥ ሁለት ስም አለን፣ ምላጭ እና መላጫ። ለብዙ ዘመን ሁለቱን ለመለየት የሚያስገድድ ነገር አልነበረም፣ ምክንያቱም ስለቱና እጀታው አንድ ዕቃ ነበሩ። የለያቸው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው ማለት ይቻላል። ሐሳቡ የማይሳል፣ ሲዶለዱም የሚጣል ስስ ምላጭ ነበር። ያን ያህል የሳሳ ብረት ጠንክሮ ስለት አይይዝም ይሉት ነበር፤ ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ብረቱን የሚያጠነክርበትን ዘዴ አገኘለት። እ.ኤ.አ. በ1903 መሸጥ ሲጀምሩ ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1904 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ አዘዘ።

ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስጽፈው ምንም አልቸገረኝም። እጀታው መላጫ፣ የሚጣለው ስስ ብረት ምላጭ። አዲሱ ዕቃ ሲመጣ ሁለት ስም ፈልጎ መጣ፤ አማርኛ ሁለቱንም አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። ከሱቅ ስንገዛ «ምላጭ ስጠኝ» ካልን በወረቀት የተጠቀለለችው በሁለት ጎኗ የተሳለችው ትመጣለች፣ «መላጫ» ካልን እጀታ ያለው።

ከዚሁ ጋር ግን አንድ ነገር ተወሰደብን። ምላጭ መሳል ቀረ። ቢላዋ ዛሬም በሞረድ ይሳላል፣ ምላጭን የሚስል ሰው ግን አላየሁም። ሳለ የሚለው ግሥ ደግሞ ሊታዘንለት የሚገባ ነው፣ አራት ሰው በአንድ ስም እንደሚኖርበት ቤት ሆኗልና። ቢላዋ ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ሥዕል ሣለ፣ ለታቦት ተሳለ። በግእዝ እያንዳንዱ የራሱ ፊደል ነበረው፤ ሰሐለ ስለት ማውጣት፣ ሰዐለ ማሳል፣ ሠዐለ ሥዕል መሥራት፣ ሰአለ መለመን። የጉሮሮ ድምፆች ከአማርኛ ሲወጡ አራቱም አንድ ሆኑ። የምላጭ ስለትና የእመቤታችን ስለት በአፋችን የማይለዩት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛውን ስእለት ብሎ መጻፍ ለጌጥ ሳይሆን ሥሩን ለማስታወስ ይጠቅማል፣ እኔም እንዲቀር አልፈልግም።

ጋሼ በዚያ ቅዳሜ ምን እንዳደረገ ልመለስበት። ሽፍታው እስኪጠፋ አልነካህም ብሎ ሁለት ሳምንት አስጠበቀኝ። ስመለስ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ ጨምቆ ፊቴ ላይ ጣለው፤ የሌላ ደንበኛ ጠጉር እስኪጨርስ ድረስ አላነሳውም። ጠጉር ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ደረቁን የቆረጠ ምላጭ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። ከዚያ አዲስ ምላጭ ከወረቀቷ ሳያወጣ መካከሏን አጥፎ ቀጭ አድርጎ ለሁለት ሰበራት። ዓይኔ እያየ ግማሿን እንደ ሰንጢ በሚታጠፈው እጀታ ውስጥ አስገባ። ሳሙናውን በብሩሽ እያዞረ ቀባ፤ በጣቱ ጫፍም ጉንጬን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ዳበሰ። ጢም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይተኛም፤ ጉንጭ ላይ ቁልቁል የሚተኛው አንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ሽቅብ ሊዞር ይችላል። ወደ ተኛበት መላጨት የሚቻለው አስቀድሞ ለዳበሰው ብቻ ነው።

ምላጩን ቆዳዬ ላይ ጋደም አድርጎ ያዘው፣ በግምት 30 ዲግሪ። አልተጫነም። የሰማሁት ጭር፣ ጭር የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው፤ በአጭር በአጭሩ ስቦ ስለቱን ይጠርጋል፣ እንደገና ይስባል። «ድምፁ ከጠፋ ቆዳ ላይ ነህ፣ ከጮኸ ምላጩ ደንዟል» አለኝ። ደነዘ ማለት ስለቱ ሞተ ማለት ነው፤ ሰውን ደነዝ የምንለው ከዚህ ወስደን ነው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ምላጭ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከላጨ በኋላ እንዲጣል፣ አላጫጩም ጢሙ ወደ በቀለበት አቅጣጫ እንዲሆን ይመክራል። ጋሼ ይህን ከማንም አልሰማውም፣ በእጁ ነው የደረሰበት።

ቀጥሎ የነገረኝ ግን ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሙልጭ እንዲል አትፈልግ አለኝ። ሙልጭ ከምላጭ የወጣ ይመስላል፣ አይደለም፤ እዚያ ም የቃሉ ሥር ነው፣ ሟለጨ ከሚለው ግሥ፣ እጅ የሚያሟልጭ ከምንለው። ምላጭ ላይ ያለው ም ግን ከውጭ የተቀጠለ ነው። ጆሮ ግን ሁለቱን ማጋባት ይወዳል፤ «ሙልጭ አድርጎ ተላጨ» ስንል የሆነ እርካታ አለው። እንደ እኛ ላለው ጥምዝ ጢም ግን እርካታው ዕዳ ነው። ሦስትና አምስት ስለት በተደረደረበት መላጫ ላይ ፊተኛው ስለት ጠጉሩን ሲስበው ኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ቀጥ ያለ ጠጉር ተመልሶ በገባበት ቀዳዳ ይወጣል። ጥምዙ ግን ሲያድግ ዞሮ የገዛ ቆዳውን ይወጋል፤ ሽፍታው የዚያ ነው። አንድ ስለት ያለው ተራ መላጫ፣ አንድ ጊዜ፣ ጢሙ ወደ ተኛበት፤ በእጅ ሲዳበስ ትንሽ የሚሻክር ነገር ይቀር። ይህ ነው ለእኛ የሚስማማ መላጨት፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ሌላ አልፈለግሁም።

ምላጭ የሚተወው ነገር ስም እንደሚያወጣም እግረ መንገዴን ልጥቀስ። ልጆች ተላጭተው አናታቸው ላይ የሚቀረው ጠጉር ቁንጮ ነው፤ ዛሬ የአንድ ነገር አናት፣ የአንድ ድርጅት የበላይ ሁሉ ቁንጮ ይባላል። የሥልጣን ቃል የሆነው ምላጭ ያልነካው ጠጉር ነው። ጠጉር የሚያስተካክለው ሰው ስም ደግሞ ከስለት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ አስተካከለ እኩል ከሚለው ቤተሰብ ነው። ግራና ቀኙን እኩል የሚያደርግ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ሪዝ አወጣ። ሪዝ ግእዝም አማርኛም ነው፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚበቅለው፤ ከጢም ቀድሞ የሚመጣውም እሱ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሰማሁ። አንኳኳሁና ሙቅ ፎጣ አቀበልኩት። በሩን በትንሹ ከፍቶ ተቀበለኝ፤ ቆይቶ ከውስጥ፣ «አጎቴ፣ ሽቅብ ነው ቁልቁል?» ብሎ ጠየቀኝ። አስቀድመህ ዳብሰው አልኩት።