የመንትያ ከተሞች ሁለት ሰዓት

የስደት ታሪካችን ሲጻፍ አብዮቱ፣ ሽብሩ፣ የሱዳን በረሃና የመጠለያው ወረፋ በሰፊው ይነገራሉ። ተሰዳጁ ሻንጣውን ካሳረፈ በኋላ ያለው የዕለት ኑሮ ግን የታወቀ ነው ተብሎ ይታለፋል። በእኔ እምነት ከብርዱም ከቋንቋውም የማያንሰው የእንግዳ ሰው ፈተና የጊዜ አቆጣጠር ነውና፣ ስለዚሁ ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 ከጸደቀ በኋላ፣ ከደርግ የሸሹ ኢትዮጵያውያን በሃይማኖት ድርጅቶች ረዳትነት ወደ ሚኒሶታ ይገቡ ጀመር። ብዙዎቹ ያረፉት በሚኒያፖሊስ፣ በሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ለስደተኛ አዲስ አልነበረም፤ ከመቶ ዓመት በፊት የስዊድንና የኖርዌይ ድሆች ሰፍረውበታል። እኔም ዘግይተው ከደረሱት አንዱ ነኝ።

የአገራችን ሰዓት ለአገራችን ፀሐይ የተሰፋ ልብስ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ 12 ሰዓት፣ ሌሊቱንም 12 ሰዓት ብሎ መቁጠር ዓይን የሚመሰክረው እውነት ነው። ሚኒያፖሊስ ግን 45ኛው ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ ከ10 ሰዓት ተኩል ጥቂት እንዳለፈ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆያለች። ጥምቀት ሲደርስ ሐይቁ ሰው ቆሞበት፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ የሚያጠምድበት ነው።

«ቀጠሮዎ በ3 ሰዓት ነው» የተባሉ አንድ አዛውንት ከጧቱ 3 ሰዓት ደርሰው፣ የፈረንጁ 3 የእኛ 9 ነውና፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንደዋሉ አውቃለሁ። ይህስ በሳቅ ያልፋል። የማያስቀው የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ነው። በጥር 1960 የተወለደ አንድ የማውቀው ልጅ፣ ቅጹን የሞላለት ሰው ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚህ ሲደርስ ዕድሜው 16 ነበር፤ በወረቀቱ ግን 24 ዓመት ሞልቶታል። ለትምህርት ቤት ዕድሜህ አልፏል ተብሎ ወደ ሥራ ተላከ። በብዕር ጫፍ 8 ዓመት ተወሰደበት።

ይሁን እንጂ የአስተናጋጆቻችንም ሰዓት ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአሜሪካ ከተሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፀሐይ ይቆጥሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1883 የባቡር ኩባንያዎች ለራሳቸው ጉዞ ሲሉ የጋራ ሰዓት አወጡ። ከዚያ ወዲህም እ.ኤ.አ. በ1965 ሴንት ፖል የበጋውን ሰዓት ግንቦት 9፣ በእኛ የልደታ ዕለት፣ ስትጀምር፣ ሚኒያፖሊስ የክፍለ ግዛቱን ሕግ ጠብቃ ሁለት ሳምንት ቆየች። በእነዚያ ሳምንታት የሚሲሲፒን ድልድይ የተሻገረ ሠራተኛ አንድ ሰዓት ያተርፍ ወይም ይከስር ነበር። በማግስቱ ዓመት የፌደራል ሕግ ወጥቶ ነገሩን አስተካከለ። እንግዲህ መንትዮቹ ከተሞች ራሳቸው እኛ ከመምጣታችን በፊት በሁለት ሰዓት ኖረዋል።

ከዚህ የምረዳው ሰዓት የሰዎች ስምምነት መሆኑን ነው። የእኛም አቆጣጠር አለማወቅ ሳይሆን ሌላ፣ የቆየ ስምምነት ነው። «በእኛ ነው በእነርሱ?» የምትለው የዘወትር ጥያቄያችን ሁለት ስምምነት ተሸክሞ የሚኖር ሰው ጥያቄ ናት። ልጆቻችን ግን መጠየቁን እየተዉት ነው፤ ለእነርሱ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የልደታቸውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን እንተውላቸው፤ የአያቶቻቸውንም እንዲሁ። ለዚያ ልጅ 8 ዓመቱን የሚመልስለት የለም፤ እንዴት እንደጠፋ ግን ተጽፎ ሊቆይ ይገባል።