የአንቴና ማጣጣሚያ አሠራርና የደብረ ታቦር ደጋ

ደብረ ታቦር በኢንጂነሪንግ ታሪካችን ስትነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860ዎቹ ያሠሩት በዚያ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መድፉን ማቅለጥ አንድ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በተራራና በገደል አሳልፎ እስከ መቅደላ መጎተት ደግሞ ሌላ ከባድ ሥራ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያ የሚመዘነው በተሠራበት ብቻ ሳይሆን በሚያገለግልበት ቦታም ጭምር ነው። ከዚህ በታች የምናነጻጽረው ከመድፍ እጅግ ያነሰውን፣ የአማተር ሬዲዮ የአንቴና ማጣጣሚያን ነው፤ ሆኖም ፍርዱ ያው ነው።

የሬዲዮ ማስተላለፊያ ኃይሉን በሙሉ ለማስረከብ የተወሰነ ኢምፒዳንስ፣ በዘመናችን በአብዛኛው 50 ኦም፣ ይፈልጋል። የአንቴና ኢምፒዳንስ ግን እንደ ሽቦው ርዝመት፣ እንደ ከፍታውና እንደ ፍሪኩዌንሲው ይለዋወጣል። ማጣጣሚያው በጥቅል ሽቦና በካፓሲተር አማካይነት በሁለቱ መካከል ገብቶ ያስማማቸዋል። አንቴናውን ግን አያሻሽለውም፤ በመጋቢው መስመር ላይ የሚባክነውንም ኃይል አይመልስም።

ቀደምት አማተሮች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ይሠሩት የነበረው ማጣጣሚያ እርስ በርስ በማይነካኩ ሁለት ጥቅሎች የቆመ ነበር። ትንሹ ጥቅል የማስተላለፊያውን ኃይል በመግነጢስ መስክ ለትልቁ ያቀብላል፤ ትልቁም ከተለዋዋጭ ካፓሲተር ጋር ተጣምሮ በሁለት ትይዩ ሽቦዎች አንቴናውን ይመግባል። ብክነቱ አነስተኛ ነው፤ ችግሩ የሞገድ ክልል በተለወጠ ቁጥር ጥቅሉን መለወጥ ማስፈለጉ ነው። በ1934 አርተር ኮሊንስ የተባለው አሜሪካዊ በሁለት ካፓሲተሮች መካከል አንድ ጥቅል የገባበትን፣ በቅርጹ «ፓይ» የተባለውን መረብ ለአማተሮች አስተዋወቀ። ይህ አሠራር ኋላ በቫልቭ በሚሠሩ ማስተላለፊያዎች ውስጥ ተለመደ፤ ማስተላለፊያው ራሱ በመጠኑ ያጣጥም ስለ ነበር የተለየ ሣጥን ሁልጊዜ አላስፈለገም።

ትራንዚስተር ቫልቭን ሲተካ ይህ ምቾት ቀረ። የትራንዚስተር ማስተላለፊያ ተስማሚ ኢምፒዳንስ ካላገኘ ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት የውጭው ሣጥን ተፈላጊነት ጨመረ። ሉ ማኮይ በ1970 ኪውኤስቲ በተባለው የአማተሮች መጽሔት ያወጣው የ«ትራንስማች» ንድፍ በብዙዎች ተሠራ። ከዚያም ሁለት ካፓሲተሮች በተከታታይ፣ አንድ ጥቅል ደግሞ ወደ መሬት የሚገናኙበት የ«ቲ» መረብ በፋብሪካዎች ዘንድ ተስፋፋ። ይህ መረብ ማንኛውንም አንቴና ለማለት ይቻላል ያስማማል። ይሁን እንጂ ለአንድ አንቴና የሚስማሙ ብዙ አቋሞች አሉት፤ መለኪያው ለሁሉም አንድ ዓይነት መልካም ውጤት ሲያሳይ፣ በአንዳንዶቹ ኃይሉ ጥቅሉን ብቻ ያሞቃል። አንድ ጥቅልና አንድ ካፓሲተር ብቻ ያሉት የ«ኤል» መረብ ግን የሚስማማበት አቋም በጣም የተወሰነ ስለ ሆነ ለእንዲህ ያለ ስሕተት አያጋልጥም። ዛሬም በርካታ አውቶማቲክ ማጣጣሚያዎች በሪሌ የሚቀያየር የኤል መረብ ናቸው።

በአገራችን ከአማተሩ ይልቅ ትልልቅ ጣቢያዎች ጎልተው ይታያሉ፤ በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተተከለው የአቃቂ ጣቢያ በ1935 ሥራ ጀምሯል። አማተር ሬዲዮ በአብዛኛው በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበር፤ በአስመራ በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የነበረው ኢቲ3ዩኤስኤ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ከኢትዮጵያ የሚሰማ የአማተር ድምፅ ብርቅ ሆነ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ተቋቁሞ፣ ኢቲ3ኤኤ የተባለው ጣቢያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎ ግቢ ተተከለ። እንግዲህ ማጣጣሚያን በእጅ የመሥራቱ ዘመን በአመዛኙ አልፎናል፤ ወደ እኛ የደረሰው ያለቀለት ሣጥን ነው።

ሣጥኑን የሠራው ፋብሪካ ግን ደብረ ታቦርን አያውቃትም። የደቡብ ጎንደር መሬት በጉና ተራራና በሸለቆዎች የተቆራረጠ በመሆኑ እጅግ አጭር ሞገድ ሸንተረሩን አይሻገርም። ከደብረ ታቦር ከነፋስ መውጫ ጋር ለመነጋገር የሚያዋጣው ሞገዱን ወደ ላይ ልኮ ከአዮኖስፌር እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ቀን የ7፣ ሌሊት የ3.5 ሜጋኸርዝ ክልል ይመረጣል። በ3.7 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ አንቴና 39 ሜትር ያህል ሽቦ ይጠይቃል። ግቢው የሚፈቅደው 20 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ የማሰራጨት ሬዚስታንሱ ወደ 13 ኦም ይወርዳል፤ ሪአክታንሱ ግን ወደ 1,000 ኦም ይጠጋል። ይህን የሚያስተካክለው ጥቅል የጥራት ቁጥሩ 200 ቢሆን እንኳ 5 ኦም የራሱ ሬዚስታንስ ይኖረዋል። ከ100 ዋት ውስጥ 28ቱ ወደ ሙቀት ተለወጠ ማለት ነው። ጥቅሉ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ ብክነቱ ከዚህም ይብሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የሚችልበት ዐቅምም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ወለል 3,000 ቮልት የሚችል የአየር ካፓሲተር እዚህ በ2,250 ቮልት አካባቢ ብልጭ ሊል ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ቮልቴጅ እንዲችል የሳህኖቹ ክፍተት በሲሶ ያህል መስፋት አለበት።

እያንዳንዱ አሠራር ለዘመኑ ማስተላለፊያና ለዘመኑ መጋቢ መስመር የተሰጠ መልስ ነበር። ለደጋው ለመምረጥ ቢያስፈልግ፣ ሁለት ትይዩ ሽቦዎች ያሉት መጋቢ፣ ከወፍራም የመዳብ ሽቦ ተራርቆ የተጠቀለለ ጥቅል፣ ሳህኖቹ የተራራቁ ካፓሲተር፣ እነዚህም በሁለት ጥቅል ወይም በኤል መረብ የተያያዙበት ማጣጣሚያ ብልጫ አለው። መዳቡ፣ የአሉሚኒየም ቆርቆሮውና የፕላስቲክ ቧንቧው ከገበያ ይገኛሉ፤ የሬዲዮ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የሙያ ባልደረባችን ሊገጣጥማቸው ይችላል። በክረምት መብረቅ ሲያሰጋ መጋቢውን ነቅሎ ከቤት ውጭ ከመሬት ጋር ማገናኘትን ግን አይዘንጋ።